ላዩ የተበጠረ፣ ሥሩ የተቋጠረ፦ ስለ ባለ ረጅም ጸጉር እረኛ ውሾች የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች በሙሉ መንጋ እንዲነዱ ታስበው ስለተዳቀሉ ትልልቅና ባለ ረጅም ጸጉር ውሾች የተጻፉ ናቸው፤ ኮሊ፣ ኦልድ ኢንግሊሽ ሺፕዶግ፣ ቢርድድ ኮሊ፣ ብሪያርድ፣ ጸጉረ ረጅሙ ጀርመን ሼፐርድ። የሚነዱት መንጋ በሌለበት ቤት ውስጥ ከልጆች ጋር ሲያድጉ የሚመጣው ችግር ይመሳሰላል፤ መፍትሔውም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ የ11 ወር ወንድ ኮሊ አለን። ልጆቻችን 4 እና 7 ዓመታቸው ነው። ሲሮጡ ዙሪያቸውን ይዞራል፣ መንገድ ይዘጋባቸዋል፣ ተረከዛቸውንና ሱሪያቸውን ይነክሳል። እስካሁን ቆዳ አላቆሰለም፤ ትንሹ ልጃችን ግን መፍራት ጀምሯል። ስንቆጣው ይብስበታል። ክፉ ውሻ ይዘን ይሆን?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ ክፉ ውሻ አልያዛችሁም። አዳኝ እንስሳ መጀመሪያ ያፈጣል፣ ከዚያ አድብቶ ይጠጋል፣ ያሳድዳል፣ በመጨረሻ ይነክሳል፣ ይገድላል። ሰው እረኛ ውሻን በብዙ ትውልድ ሲያራባ ማፍጠጡን፣ ማድባቱንና ማሳደዱን አጠነከረ፤ መግደሉን አዳከመ። ውሻችሁ የሚሮጥ ልጅ ሲያይ የሚነሣበት ስሜት ከመንጋ የተነጠለች በግ ስታመልጥ የሚነሣበት ነው። ማሳደዱ ራሱ ደስ ስለሚለው ሌላ ሽልማት አያስፈልገውም። ልጁ ሲጮህና ሲፈጥን ደስታው ይጨምራል፤ የእናንተም ቁጣ በዚያች ቅጽበት የጫጫታው ተጨማሪ ክፍል ከመሆን አያልፍም።

ከሥልጠናው በፊት ልምዱ እንዲቋረጥ አድርጉ፤ በየቀኑ የሚደጋገም ማሳደድ በየቀኑ ይጠነክራልና። ልጆቹ የሩጫ ጨዋታ ሲጀምሩ ውሻው ከዝቅተኛ በር ወይም አጥር ማዶ ይሁን። አብረው ሲሆኑ ደግሞ 3 ሜትር ያህል ቀላል ገመድ በደረት ማሰሪያው ላይ ይንጠልጠልበት። የገመዱ ጫፍ ቀለበት አይኑረው፤ የወንበር እግር ላይ ይጠመዳል። ውሻው ሊነሣ ሲል ገመዱን በእግር ረግጦ ማቆም ይበቃል፤ መጎተት አያስፈልግም። አዋቂ ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ ግን ውሻውንና የ4 ዓመቱን ልጅ ለብቻቸው አትተዉ።

ልጆቹን አንድ ነገር ብቻ አስተምሯቸው። ውሻው ሲከተላቸው ባሉበት ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ወደ ላይ ይመልከቱ። የማይሮጥ ነገር አይነዳምና ውሻው ብዙ ጊዜ በሰከንዶች ውስጥ ይተዋቸዋል። መጀመሪያ ውሻው በሌለበት እንደ ጨዋታ ደጋግመው ይለማመዱት። ፍርሃት ከያዛቸው በኋላ አዲስ ነገር አያስታውሱም።

ለውሻው የሚጠቅመው ትእዛዝ «ተኛ» ነው። የበግ እረኞች ውሻቸውን ከሩቅ የሚያቆሙት በዚሁ ነው። ትንሽ ቁራሽ ምግብ አፍንጫው ላይ አስይዛችሁ ቀጥታ ወደ ታች፣ በፊት እግሮቹ መካከል ወደ መሬት አውርዱ። ክርኑ መሬት እንደነካ ስጡት። በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ከ5 ደቂቃ ያልበለጠ። ተኝቶ መቆየት ሲችል እናንተ በአጠገቡ ተራመዱ፣ ከዚያ ሶምሶም በሉ። ቀጥሎ ልጁ በ10 ሜትር ርቀት ይራመድ፤ በኋላም ይሩጥ። ርቀቱን፣ ፍጥነቱንና ጫጫታውን በአንድ ላይ አትለውጡ፤ አንዱን ብቻ አክብዱ። ሁለት ጊዜ በተከታታይ ከተነሣ ፈተናው ፈጥኖበታል ማለት ነውና ወደ ቀደመው ደረጃ ተመለሱ። አብዛኞቹ ቤተሰቦች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ውሻው ጸጥ ባለ ሳሎን ውስጥ ስለታዘዘ በሚጮሁ ልጆች መካከልም የሚታዘዝ ይመስላቸዋል።

ከዚህ ጎን ለጎን የሚሠራው ሥራ ስጡት። ይህን የሚያክል ጎረምሳ እረኛ ውሻ በቀን ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት መንቀሳቀስ ይፈልጋል፤ ሩጫ ብቻውን ግን ጉልበቱን እንጂ ጭንቅላቱን አያደክምም። በአፉ ሊይዘው የማይችለውን ጠንካራ ትልቅ ኳስ በአፍንጫው እየገፋ ይንዳ። ከዕለት ምግቡ ከፊሉን ሣር ላይ በትናችሁ እያሸተተ ይፈልገው። የቤተሰቡን አባላት በየክፍሉ ደብቃችሁ «ፈልግ» በሉት። 15 ደቂቃ እንዲህ ያለ ሥራ ብዙ ጊዜ ከረጅም የእግር ጉዞ ይልቅ ያረጋጋዋል።

ጠባዩ ከመንዳት የተለየ ሆኖ ካያችሁት፣ ማለትም ልጅ ሲጠጋው ደርቆ የሚቆም፣ የሚያጉረመርም፣ ምግቡን የሚጠብቅ ከሆነ፣ ለያይታችሁ መጀመሪያ ሕመም እንዳለበት በሐኪም አስመርምሩ። ጥርሱ ቆዳ ካቆሰለ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አለው ብላችሁ ይህን አትዝለሉ።

ጥያቄ፦ ሙቀቱ ሲበረታ ውሻዬ ቀኑን ሙሉ ያለከልካል። ጸጉሩን ሙሉ በሙሉ ብላጨው አይሻልም? በየቀኑ አበጥረዋለሁ፤ ሆኖም ባለፈው ጆሮው ሥር እጄን ስከት ደረቅ ቋጠሮ አገኘሁ። እንዴት ሊሆን ቻለ?
የሙቀት ወቅት ያሳሰበው

መልስ፦ ሁለቱ ጥያቄዎችዎ አንድ መልስ አላቸው። የነዚህ ውሾች ጸጉር ድርብ ነው። ከላይ የሚታየው ረጅምና ሸካራ ጸጉር ዝናብና ፀሐይ ይመልሳል፤ ከሥሩ ጥጥ የመሰለ አጭር ልስልስ ጸጉር አለ። እርስዎ የሚያበጥሩት ላዩን ነው። የረገፈው የሥር ጸጉር መውጫ አጥቶ እርስ በርሱ ይጠላለፍና ቆዳው ላይ እንደ ምንጣፍ ይነጠፋል። አየር አይገባም፣ እርጥበት አይወጣም፣ ቆዳው ይቀላል፣ ይቆስላል። ላዩ ሲታይ ግን ያበራል።

ስለዚህ አይላጩት። ውሻ ራሱን የሚያቀዘቅዘው በዋናነት በማለከለክ ነው፤ ላቡ ከመዳፉ ብቻ ነው የሚወጣው። ቆዳው ሲገለጥ ፀሐይ ያቃጥለዋል። ድርብ ጸጉር እስከ ቆዳው ከተላጨ በኋላ ደግሞ አንዳንዴ ተበጣጥሶ ይመለሳል፣ አንዳንዴም የሥሩ ልስልስ ጸጉር ቀድሞ ወጥቶ የላዩን ይቀድመዋል፤ ያኔ መቋጠሩ ከበፊቱ ይብሳል። ለመመለስ ከአንድ ዓመት በላይ የሚወስድበት ውሻም አለ። ማሳጠር የሚጠቅመው በመዳፍ ሥር፣ በመጸዳጃው ዙሪያና በሆድ ላይ ነው፤ ውሻው ቀዝቃዛ ወለል ላይ ሲተኛ ሆዱ ወለሉን ይነካል። ኦልድ ኢንግሊሽ ሺፕዶግና ቢርድድ ኮሊን ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር አድርገው የሚያሳጥሩ ባለቤቶች አሉ፤ በሳምንት ብዙ ሰዓት ለብሩሽ መስጠት ለማይችል ቤተሰብ ይህ ጤነኛ ምርጫ ነው። መላ ሰውነቱ ምንጣፍ ለሆነ ውሻም መላጨት ምሕረት ነው። ቋጠሮ በቋጠሮ እየጎተቱ ሰዓታት ማሠቃየት አይገባም።

ሦስት ዕቃ ያስፈልግዎታል። በለስላሳ ትራስ ላይ የተተከሉ ረጃጅም የብረት ጥርሶች ያሉት ብሩሽ፣ በአንድ በኩል ሰፊ በሌላው ጠባብ ጥርስ ያለው የብረት ማበጠሪያ፣ ጸጉር በሚረግፍበት ወቅት ደግሞ የሥር ጸጉር ማውጫ መቧጠጫ። ውሻው በጎኑ ይተኛ። ጸጉሩን በውኃ ብናኝ ያርጥቡት፤ ደረቅ ጸጉር ይሰበራል። ከሆዱ በኩል ይጀምሩ። በግራ እጅዎ ጸጉሩን ወደ ላይ ይያዙና ቆዳው በቀጭን መስመር ይገለጥ። ከዚያ መስመር በታች ያለውን ከቆዳው ጀምረው እስከ ጫፍ ወደ ታች ይቦርሹ። መስመሩን በ2 ሴንቲ ሜትር ከፍ እያደረጉ እስከ ጀርባ አጥንቱ ይውጡ። ክንድዎን አያክብዱ፤ አንድ ቦታ ላይ የሚደጋገም ብሩሽ ቆዳ ያቃጥላል። በመጨረሻ ጠባቡን ማበጠሪያ ከቆዳ እስከ ጫፍ ያሳልፉ። ከቆመ ቋጠሮ አለ። በሳምንት ሁለት ጊዜ እንዲህ መሥራት ከዕለታዊው የላይ ላይ ብሩሽ ይበልጣል።

ቋጠሮ የሚፈጠረው ቆዳ ከቆዳ ወይም ጸጉር ከማሰሪያ በሚፋተግበት ነው፤ ከጆሮ ጀርባ፣ በብብት፣ በጭን መካከል፣ በኋላ እግሮች ላይ ባለው ረጅም ጸጉር፣ በአንገት ማሰሪያው ሥር፣ በጣቶች መካከል። ሲያገኙ የቋጠሮውን ሥር በሁለት ጣት ጨምቀው ይያዙ፤ ቆዳው እንዳይሳብ። የበቆሎ ስታርች ይነስንሱበት፣ በጣት ይበትኑት፣ ከዚያ ከጫፍ ወደ ሥር በጥቂት በጥቂቱ ያበጥሩት። ካልተፈታ ማበጠሪያውን በቆዳውና በቋጠሮው መካከል ያስገቡና ከማበጠሪያው በላይ ያለውን በመቀስ በቁመቱ ይሰንጥቁት። በአግድም አይቁረጡ። ቋጠሮ ቆዳውን ስቦ ወደ ውስጡ ስለሚያስገባ መቀስ ብዙ ጊዜ የሚያቆስለው እዚያ ነው።

ገላውን ሲያጥቡት ከብሩሽ በኋላ ይሁን። ውኃ የነካው ቋጠሮ ይበልጥ ይጠብቃል፤ ከደረቀ በኋላም አይፈታም። የውሻ ሻምፑ ይጠቀሙ፤ የሰው ሻምፑ ለሰው ቆዳ አሲድነት የተሠራ ስለሆነ የውሻን ቆዳ ያደርቃል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት አንዴ ይበቃል። ሳሙናውን ለማስለቀቅ ከማጠቡ ሁለት እጥፍ ጊዜ ይስጡ፤ በሥር ጸጉሩ ውስጥ የቀረ ሳሙና ያሳክካል። እስከ ቆዳው ካልደረቀ ደግሞ በአንድ ሌሊት ቀይ፣ እርጥብና የሚያሠቃይ ቁስል ሊያወጣ ይችላል።

ስለ ሙቀቱ፦ ጉዞውን በማለዳና በምሽት ያድርጉት። ማለከለኩ ከፍጥነቱ ሳይቀንስ ድዱ ደማቅ ቀይ ሆኖ የሚንገዳገድ ከሆነ ሙቀት መትቶታል። ጤነኛ ውሻ ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይሆናል፤ ከ41 በላይ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ጥላ ሥር ወስደው ቀዝቃዛ ውኃ በእጅዎ ጸጉሩን እየከፈቱ እስከ ቆዳው ያፍስሱበት። ከላይ ብቻ የፈሰሰ ውኃ ተንሸራትቶ ይወርዳል። ንፋስ ያግኝ። 39.5 ሲደርስ ውኃውን አቁመው ወደ ሐኪም ይውሰዱት፤ ያገገመ ቢመስልም።

ጥያቄ፦ የኦልድ ኢንግሊሽ ሺፕዶጋችን ጸጉር ዓይኑን ሸፍኖታል። ብንቆርጠው ብርሃን ዓይኑን ያጠፋዋል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት አይደለም። ዓይኑ እንደ ማንኛውም ውሻ ብርሃንን ይቋቋማል። ማየት የማይችል ውሻ ግን በድንገት ሲነኩት ይደነግጣል፣ በድንጋጤም ሊነክስ ይችላል። ስለዚህ ይቁረጡለት፤ ወይም በጨርቅ በተለበጠ ላስቲክ ላልቶ ይታሰርለት። በየሁለት ቀኑ ፈታችሁ አበጥሩት።

ጥያቄ፦ ኮሊያችን በጣም ያሳክከዋል፣ በጆሮው ጫፍም ጸጉሩ ረግፏል። ጎረቤታችን ለበጎቹ የሚወጋውን የተባይ መድኃኒት፣ አይቨርሜክቲን፣ አንድ ሚሊ ሊትር ብንወጋው ይድናል አለን። ውሻችን 30 ኪሎ ነው።

መልስ፦ እባካችሁ አትውጉት። በዚህ እትም ከመለስናቸው ሁሉ በጥብቅ የምንናገረው ይህን ነው።

ብዙ እረኛ ውሾች ኤምዲአር1 በሚባል ዘረ መል ላይ ጉድለት ይወርሳሉ። ይህ ዘረ መል የተወሰኑ መድኃኒቶች ወደ አንጎል ሲገቡ መልሶ የሚያስወጣቸውን ፕሮቲን ይሠራል። ጉድለቱ ያለበት ውሻ መድኃኒቱን ማስወጣት አይችልም፤ በአንጎሉ ይከማቻል። ጉድለቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2001 በዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ከ10 ኮሊዎች ሰባት ያህሉ ከወላጆቻቸው ቢያንስ አንዱን የተበላሸ ቅጂ ይዘዋል፤ ከአውስትራሊያን ሼፐርድ ግማሽ ያህሉ። በጀርመን ሼፐርድና በኦልድ ኢንግሊሽ ሺፕዶግ ያነሰ ነው፣ ግን አለ። ከነዚህ የተዳቀሉ ውሾችም ሊወርሱት ይችላሉ።

ስሌቱን እንይ። ለከብት የሚሸጠው 1 በመቶ አይቨርሜክቲን በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 10,000 ማይክሮግራም አለው። ለ30 ኪሎ ውሻ በኪሎ ከ330 ማይክሮግራም በላይ ይደርሰዋል ማለት ነው። ከእናቱም ከአባቱም የወረሳቸው ሁለቱም ቅጂዎች የተበላሹበት ኮሊ በኪሎ ከ100 ማይክሮግራም ጀምሮ ሊመረዝ ይችላል። ለልብ ትል መከላከያ የሚሰጠው ኪኒን በኪሎ 6 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ በዚያ መጠን ለነዚህ ውሾችም አስጊ አይደለም። አንዱ ጎረቤት «የእኔን ኮሊ ምንም አላደረገውም» የሚለው ውሻው ጉድለቱን ስላልወረሰ ሊሆን ይችላል፤ ከላይ አይቶ መለየት አይቻልም።

መመረዙ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይታያል። የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ይንገዳገዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ማየት ያቅተዋል፣ ራሱን ይስታል። ማርከሻ የለውም፤ ሐኪም የሚያደርገው ሰውነቱ መድኃኒቱን እስኪያስወግድ ትንፋሹንና ሙቀቱን ደግፎ ማቆየት ነው። ይህም ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል።

እከኩን በተመለከተ ሐኪሙ ከቆዳው ፍቆ በማይክሮስኮፕ ይየው። የጆሮ ጫፍ መርገፍና ብርቱ ማሳከክ የእከክ ቅንቅን ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ሰውም ላይ ይተላለፋል። በመለያው ላይ በተጻፈው መጠን ለነዚህ ውሾችም የሚሰጡ እንደ አፎክሶላነርና ፍሉራላነር ያሉ መድኃኒቶች አሉ። የዘረ መል ምርመራው ከጉንጩ ውስጥ በጥጥ በሚወሰድ ናሙና ይሠራል፤ በዕድሜው አንዴ ይበቃል። ውጤቱ እስኪታወቅ ጉድለቱ እንዳለበት ቁጠሩትና በክትባት ካርዱ ላይ በጉልህ ጻፉት። ማደንዘዣ የሚሰጠው ሐኪምም ሊያውቀው ይገባል፤ አሴፕሮማዚንና ቡቶርፋኖል የተባሉት ማረጋጊያዎች በነዚህ ውሾች ላይ ስለሚበረቱ መጠናቸው ይቀነሳል። ለሰው ተቅማጥ የሚሰጠውን ሎፔራማይድ በጭራሽ አትስጡት። ጎረቤታችሁ በጎቹን በወጋባቸው ቀናት ደግሞ ውሻውን ከበረታቸው አርቁት፤ መድኃኒቱ በፋንድያ ይወጣል፣ ውሾችም ይበሉታል።

ጥያቄ፦ የ3 ወር የጀርመን ሼፐርድ ቡችላ አለኝ። አጥንቱ እንዲጠነክር ከቡችላ ምግቡ ጋር የካልሲየም ዱቄት እጨምርለታለሁ። በቀን ስንት ጊዜ ደረጃ ቢወጣ ይሻላል?

መልስ፦ ዱቄቱን ዛሬ ያቁሙ። ከ6 ወር በታች ያለ ቡችላ ከአንጀቱ የሚገባውን ካልሲየም መገደብ አይችልም፤ የተሰጠውን ይወስዳል። ትርፉ አጥንቱንና መገጣጠሚያውን ያዛባል፤ ሊጠነክር የታሰበው እግር ይጣመማል። ለትልቅ ዝርያ ቡችላ የተዘጋጀ ምግብ ካልሲየሙ ተመጥኖ የገባ ነው፤ ከደረቁ ክብደት 1.8 በመቶ ማለፍ የለበትም። እስከ 4 ወር በቀን 4 ጊዜ፣ እስከ 6 ወር 3 ጊዜ፣ ከዚያ 2 ጊዜ ይብላ። አያወፍሩት። የጎድን አጥንቱ በጸጉሩ ሥር በጣት በቀላሉ መዳሰስ አለበት፤ ረጅም ጸጉር ውፍረትንም ክሳትንም ስለሚደብቅ በዓይን አይፍረዱ።

ደረጃ አያስፈልገውም። በተለይ ገና በጨቅላነቱ በየቀኑ ደረጃ የሚወጣ ቡችላ በዳሌው መገጣጠሚያ ላይ ጉዳት የመድረስ ዕድሉ ይጨምራል። ያልተስተካከለ ለስላሳ መሬት ላይ፣ ሣር ላይ፣ በራሱ ፍጥነት ያለ ገመድ መንጎራደድ ግን ይጠቅመዋል። የሚያንሸራትት ወለል ላይ ምንጣፍ ያንጥፉለት። የአጥንቱ የዕድገት ጫፎች ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ስለሚዘጉ፣ ከመኪና መዝለልና ከብስክሌት ጋር መሮጥ እስከዚያ ይቆየው። በነዚህ ሳምንታት ዋናው ሥራዎ ሌላ ነው። ሕፃናትን፣ ሽማግሌዎችን፣ ጃንጥላን፣ ሞተር ብስክሌትን፣ ብሩሽን ሳይፈራ ይልመድ። ይህን በቀላሉ የሚቀበልበት ዕድሜ ወደ 14 ሳምንት ገደማ ይጠናቀቃልና ጊዜው ቀርቦብዎታል። ብሩሹን በቀን ለሁለት ደቂቃ፣ ምግብ እየሰጡ።

ጥያቄ፦ ውሻችን ምሽት ላይ ብዙ በልቶ ከሮጠ በኋላ ሊያስመልስ ይሞክርና ምንም አይወጣውም ነበር። ሆዱ ትንሽ አብጦ ነበር። ጠዋት ተሻለው። ምን ነበር?

መልስ፦ ጠዋት ላይ ስለደረሰ ዕድለኛ ነው። ጥልቅ ደረት ያላቸው ትልልቅ ውሾች ጨጓራቸው በጋዝ ተነፍቶ በራሱ ዙሪያ ሊጠመዘዝ ይችላል፤ ያኔ መግቢያውም መውጫውም ይዘጋል፣ የደም ዝውውርም ይቆማል። ያለ ቀዶ ሕክምና በሰዓታት ውስጥ ይሞታሉ። ምልክቱ እናንተ የጻፋችሁት ነው፤ በባዶ የሚያስመልስ፣ የሚቁነጠነጥ፣ ሆዱን ዘወር ብሎ የሚያይ፣ ለሃጩ የሚበዛ ውሻ። የሆድ ማበጥ ግን በረጅም ጸጉር ሥር ዘግይቶ ነው የሚታየው፤ እጃችሁን ከጎድኑ በስተኋላ አስገብታችሁ እንደ ከበሮ መወጠሩን ዳስሱ። ዳግመኛ ካያችሁ ውኃ፣ ዘይት፣ የቤት መድኃኒት አትስጡት። ለሐኪሙ ደውላችሁ ወዲያው ሂዱ።

የዕለት ምግቡን ለሁለት ወይም ለሦስት ክፈሉት። የሚስገበገብ ከሆነ በሰፊ ትሪ ላይ በትኑለት። ከምግብ በፊትና በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል አይሩጥ። ሳህኑን ከፍ ማድረግ ይከላከላል የሚለውን ምክር አትከተሉ፤ መከላከሉ አልተረጋገጠም። ወላጁ ወይም ወንድሙ በዚህ ከተያዘ ሐኪሙ በማምከኛው ቀዶ ሕክምና ጊዜ ጨጓራውን ከሆዱ ግድግዳ ጋር ሊሰፋለት ይችላል፤ መጠምዘዙን በአብዛኛው የሚያስቀረው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ሴቷ ኮሊያችን ከወለደች ሦስት ወር ሆናት። ጸጉሯ በእፍኝ እየረገፈ የአጭር ጸጉር ውሻ መስላለች። ታማብን ይሆን?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ሕመም አይደለም። ሆርሞኗ ሲለዋወጥ ሴት ውሻ ከወለደች ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ጸጉሯን በብዛት ታረግፋለች፤ አንዳንዶቹ ደም ባዩ ቁጥርም እንዲሁ ናቸው። የሞተውን በሥር ጸጉር ማውጫ አስወግዱላት፣ ለብ ባለ ውኃ አንዴ እጠቧት፤ አዲሱ በወራት ውስጥ ይሞላል። ሐኪም ጋ የሚያስኬደው በሁለቱም ጎኖቿ እኩል የተመለጠ፣ ቆዳው የጠቆረ ቦታ ሲታይ ነው፤ በተለይ ሳያሳክካት ከወፈረችና ከደነዘዘች። ያኔ የታይሮይድ ሆርሞን በደም ይመረመርላት፤ ጉድለቱ ከተረጋገጠ በየቀኑ በሚሰጥ ኪኒን ይታከማል።